ከቬርኒሹ ሥር፦ ፒያኖን ጥሩ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ካለ ፎቅ ቤታቸውን ሊለቁ የተዘጋጁ አንድ አዛውንት ፒያኖ ይሸጣሉ አለችኝ። «የጀርመን ዕቃ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ነው። ጥቁሩ ቀለም እንደ መስታወት ፊት ያሳያል» አለች በአንድ ትንፋሽ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጇ ፒያኖ መማር ጀምራለች። «አንተ የአናጢ ልጅ ነህ፤ ና እይልኝ።»

የአናጢ ልጅ መሆን ፒያኖ አዋቂ አያደርግም። ግን እንጨት ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ ትንሽ ያስተምራል። ፒያኖ ደግሞ ከምታስቡት በላይ የእንጨት ነገር ነው። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ ወዲህ ሙዚቃቸውን የሚያነሳ፣ ልጄን ፒያኖ ላስተምር የሚል ወላጅ በዙሪያዬ በዝቷል። ዕቃው ሲገዛ የሚጠየቀው ግን ሁሌ ሦስት ነገር ነው። የየት አገር ነው? ስንት ዓመቱ ነው? ያምራል ወይ? ሦስቱም ስለ ድምፁ ብዙም አይነግሯችሁም።

ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ?

ክዳኑ ሲነሳ ፒያኖ ከሙዚቃ መሣሪያ ይልቅ የፋብሪካ ማሽን ይመስላል። 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር። ቁልፍ ስትጫኑ ሱፍ የለበሰች ትንሽ መዶሻ ተወንጭፋ የብረት አውታር ትመታለች። መታ አድርጋ ወዲያው መሸሽ አለባት። ካልሸሸች አውታሩን ተደግፋ ድምፁን ታፍነዋለች። ይህን መትቶ የማምለጥ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ የፈጠረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል፣ ፍሎረንስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ጣሊያናዊ ነው። ከሠራቸው ፒያኖዎች ሦስቱ ዛሬም አሉ፤ አንዱ ኒውዮርክ፣ አንዱ ሮም፣ አንዱ ላይፕዚግ።

አውታሮቹ 230 ያህል ናቸው። ከቁልፎቹ የበዙት አብዛኛው ድምፅ ሦስት ሦስት አውታር ስላለው ነው። ወፈር ያሉት ድምፆች ሁለት፣ በጣም ወፍራሞቹ አንድ አንድ አላቸው። አውታሩ ጠንካራ የብረት ሽቦ ነው። ወፍራሞቹ ላይ ከላይ መዳብ ይጠመጠምባቸዋል፤ እንዲከብዱና ቀስ ብለው እንዲንቀጠቀጡ።

ታዲያ ድምፁን የሚያወጣው አውታሩ ነው?

አይደለም። ማሲንቆን አስቡት። የፈረስ ጭራውን ከሳጥኑ ላይ ነቅላችሁ፣ ሁለት ሰው ወጥሮ ይዞት በደጋን ብትገዘግዙት አጠገባችሁ ያለ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማውም። ማሲንቆን ማሲንቆ ያደረገው ቆዳ የለበሰው ሳጥን ነው። በገናም ያለ ገበቴው ዝም ነው።

በፒያኖ የዚያን ቆዳ ሥራ የሚሠራው አንድ ሰፊ ሳንቃ ነው። የድምፅ ሰሌዳ እንበለው። ግድግዳ በሚጠጋው በቁም ፒያኖ ከጀርባ ይገኛል። በሦስት እግር በሚቆመው በአግዳሚው ፒያኖ ደግሞ ከአውታሮቹ ሥር ተዘርግቷል። ውፍረቱ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አውታሮቹ በእንጨት ድልድይ ላይ ያልፋሉ፤ በገና ላይ በርኩማ የምንለው ዓይነት። ድልድዩ ንዝረቱን ለሰሌዳው ያቀብላል። ሰሌዳው አየሩን ይገፋል። ጆሯችን የሚሰማው እንግዲህ እንጨቱን ነው።

ለዚህ ነው የእንጨቱ ዓይነት ወሳኝ የሚሆነው። ጥሩ ሰሌዳ የሚሠራው ስፕሩስ ከሚባል ዛፍ ነው። አንዳንዶች «ጥድ» ብለው ይተረጉሙታል፤ የእኛ አገር ጥድ ግን ሌላ ነው። ስፕሩስ ቀዝቃዛ አገር ላይ ቀስ ብሎ ያድጋል። ቀስ ብሎ ሲያድግ የዓመት ቀለበቶቹ ጠባብና እኩል ይሆናሉ። እንጨቱ ቀላል ነው፤ ግን አይለመጥም። ሁለቱን አብሮ ማግኘት ብርቅ ነው። ከባድ እንጨት በአውታሩ ትንሽ ጉልበት አልንቀሳቀስም ይላል። ቀላል ሆኖ ልፍስፍስ ከሆነ ደግሞ ንዝረቱን ውጦ ያስቀረዋል።

ድምፅ በስፕሩስ ውስጥ፣ የእንጨቱ ክር በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በሴኮንድ ከ5000 ሜትር በላይ ይጓዛል። በአየር ውስጥ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ክሩን ተሻግሮ ሲሄድ ግን በእንጨቱ ውስጥም በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ከሰሌዳው ጀርባ ክሩን የሚያቋርጡ ቀጫጭን እንጨቶች በኮላ ይለጠፋሉ። ሲያዩዋቸው የጎድን አጥንት ይመስላሉ። ንዝረቱ በሁሉም አቅጣጫ እንዲዳረስ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ሰሌዳው ዝርግ የሚመስለው ከሩቅ ሲያዩት ነው። የተደፋ ሰፌድ ያህል እንኳ ባይሆን ትንሽ ጎበጥ ብሏል። አውታሮቹ ወደ ታች ይጫኑታል፤ እሱ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ይህ መገፋፋት ነው ድምፁን ሕያው የሚያደርገው። ጉብታው በዘመን ብዛት ሲረግብ ድምፁ አጭር ይሆናል። ቁልፉን ትመቱታላችሁ፤ «ድው» ብሎ ይጠፋል።

ርካሽ ፒያኖ ላይ ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ስስ እንጨት በላይ በላዩ ተጣብቆ። ድምፁ ከሙሉ ስፕሩስ ጋር ሲወዳደር ይደርቃል። ባለሙያዎች ሲንቁት ሰምቻለሁ። እኔ ግን እንደነሱ አልጨክንም። ኮምፔንሳቶ አይሰነጠቅም፤ ከወቅቱ ጋርም ብዙ አይንቀሳቀስም። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚማር ልጅ፣ ጤነኛ ኮምፔንሳቶ ከታመመ ስፕሩስ ይሻላል።

ስንጥቅ ሁሉ ግን ሞት አይደለም። ትንሽ ስንጥቅ ይዞ አሳምሮ የሚዘፍን ፒያኖ አለ። የሚያስፈራው ሰሌዳው ከጎድን አጥንቶቹ ሲላቀቅ ነው። ያኔ አንዳንድ ድምፆች ላይ እንደ ንብ እዝዝ ይላል። የሚገርመው፣ በገና ላይ ይኸው እዝዝታ ሆን ተብሎ የሚመጣ ውበት ነው። ለዚያ ተብሎ እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ከአውታሩ ሥር ይገባሉ። እዚያ ጸጋ የሆነው እዚህ በሽታ ነው።

ብረቱ ለምን አስፈለገ?

እያንዳንዱ አውታር በአማካይ ከ70 እስከ 90 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ተወጥሯል። 230ውን ስትደምሩት 18 ቶን ገደማ ይመጣል፤ በትልልቆቹ ወደ 20 ይጠጋል። በእኛ መስፈሪያ 180 ኩንታል። 180 ኩንታል ጤፍ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ፣ ሌት ተቀን ዕቃውን መሐል ለመሐል ሊያጥፈው ይጎትታል።

እንጨት ብቻውን ይህን አይችልም። የድሮዎቹ ፒያኖዎች አካላቸው እንጨት ስለነበር አውታራቸው ቀጭን፣ ውጥረታቸው ትንሽ፣ ድምፃቸውም ለስለስ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 አልፊየስ ባብኮክ የሚባል የቦስተን ሰው አንድ ወጥ የሆነ የብረት አካል አቀልጦ በማፍሰስ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ አውታሩ ወፈረ፤ ውጥረቱ ጨመረ፤ አንድ ፒያኖ ትልቅ አዳራሽ መሙላት ቻለ። ዛሬ ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ብረት ያ ነው። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ የቤቱ ምሰሶ ነው። ፒያኖ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነው፣ ተሸካሚዎችም ደረጃውን አይተው ዋጋ የሚጨምሩት በአመዛኙ በእሱ ምክንያት ነው።

ፍስ ብረት የተመረጠው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ራሱ ብዙ አይጮኽም። ደወል የሚሆን ብረት ቢሆን ኖሮ ከአውታሩ ጋር አብሮ ይንጫጫ ነበር። ይህ ብረት ጭነቱን ይሸከማል፤ ዝም ይላል። ጉዳቱ ተሰባሪነቱ ነው። አንዴ ከተሰነጠቀ በየመንደሩ ያለ በያጅ የሚያድነው አይደለም። ብረቱ የተሰነጠቀ ፒያኖ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

ቅኝት የማይዘው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው ባይ ነኝ።

እያንዳንዱ አውታር ጫፉ በአንድ የብረት ፒን ላይ ተጠምጥሟል። ቃኚው ፒኑን በመፍቻ እያዞረ አውታሩን ያጠብቃል፤ ወይም ያላላል። የክራርን መቃኛ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ፣ የፒያኖው ፒን የተሰካው የፒን ግንድ ልንለው በምንችለው ወፍራም እንጨት ውስጥ ነው። ቀዳዳው ከፒኑ በጥቂቱ ይጠባል። ፒኑ መቆለፊያ የለውም። የሚይዘው የእንጨቱ ንክሻ ብቻ ነው። 230 ፒኖች፣ 180 ኩንታል፣ በእንጨት ንክሻ ተይዞ!

ስለዚህ ጥሩ ፋብሪካ ለፒን ግንዱ እንደ ሜፕል ወይም ቢች ያለ ጠንካራ እንጨት ይመርጣል። አንድ ወጥ አያደርገውም። የአንዱ ክር ወደ ጎን፣ የሌላው ወደ ላይ እየሆነ ሳንቃዎቹ ይደራረባሉ። አንዱ ሲላላ ሌላው ይነክሳል። ገንዘብ የሚቆጥብ ፋብሪካ የሚቀንሰው እንዲህ ካለው ቦታ ነው፤ ማንም ገዢ ስለማያየው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ክረምት ላይ አልዘጋ የሚል፣ በጋ ላይ ደግሞ በራሱ ወለል የሚል በር የሌለው ቤት አለ? እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። አባቴ «እንጨት ተቆርጦም ይተነፍሳል» ይል ነበር። ፒያኖም ከዚያ በር የተለየ አይደለም።

አንድ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከበሮ በእርጥብ ወቅት ይረግባል፤ መቺው ፀሐይ ወይም እሳት ያሞቀዋል። ፒያኖ ግን በተቃራኒው ነው። ክረምት ላይ ድምፁ ከፍ ይላል። ሰሌዳው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ጉብታው ይጨምራል፤ አውታሮቹን ወደ ላይ ገፍቶ ያጠብቃቸዋል። መስከረም አልፎ በጋው ሲገባ ሰሌዳው ይደርቃል፤ ድምፁ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ የሚወጣ የሚወርደው መሐለኛው ክፍል ነው፤ ጫፍና ጫፉ ያን ያህል አይከተለውም። ፒያኖው የተንጋደደ የሚመስለው ለዚህ ነው።

መውጣት መውረዱን ቃኚ ያስተካክለዋል። የማይስተካከለው የበጋው ድርቀት በየዓመቱ የፒን ግንዱን ሲያደርቀው ነው። ቀዳዳው ይሰፋል። ንክሻው ይላላል። ቃኚው ጠዋት አጥብቆት የሄደው ፒን ማታ ይመለሳል።

ለፒያኖ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከቁጥሩ በላይ ደግሞ አለመዋዠቁ። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ክረምቷ ጨፍጋጋ፣ በጋዋ ደረቅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ፒያኖ ደግሞ በጅቡቲ ሙቀትና ወበቅ አልፎ ነው ደጋ የሚወጣው። እንጨቱ ፋብሪካ ውስጥ በደንብ ካልደረቀ ይህን ጉዞ አይችልም። የደረቀ ስንል የውኃው መጠን ከ6 እስከ 8 በመቶ እስኪወርድ ማለት ነው። ማድረቅ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል፤ ጊዜና ቦታ ገንዘብ ነው። የውድና የርካሽ ፒያኖ የዋጋ ልዩነት አንዱ ክፍል እዚህ ተደብቋል።

ፒያኖ ሥር ውኃ በጣሳ አስቀምጡ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ትንሽ ይረዳል። ልጅ ወይም ድመት ባለበት ቤት ግን እኔ አልመክርም። ከመስኮት ፀሐይና ከኩሽና እንፋሎት ማራቅ የበለጠ ይሠራል።

መዶሻውና ቁልፉስ?

መዶሻዋ የለበሰችው ፌልት ነው። ሱፍ ተጠቅጥቆ፣ ተጨምቆ፣ እንደ ጨርቅ ሳይሸመን የሚሠራ ማለት ነው። ፌልቱ ጠንካራ ከሆነ ድምፁ ይሰላል፤ ለስላሳ ከሆነ ይሞቃል። ከዘመን ብዛት አውታሩ በፌልቱ ላይ ቦይ ይቆፍርበታል፤ ያኔ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ባለሙያ በመርፌ እየወጋ ሊያለሰልሰው፣ ፊቱን ሞርዶ ሊያድሰው ይችላል። ስለዚህ ፒያኖው «ይጮኻል» ብላችሁ ወዲያው አትተዉት። ከሁሉ በቀላሉ የሚታከመው ይህ ነው።

በቁልፉና በመዶሻዋ መሐል በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እንጨት፣ ፌልት፣ ቆዳ፣ ሽቦ። እዚህ ላይ «ፕላስቲክ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ነገሩ ግን እንደ ፕላስቲኩ ነው። የጃፓኑ ካዋይ ለረጅም ዓመታት ጠንካራ ፕላስቲክ ተጠቅሟል፤ አያብጥም፣ አይኮማተርም። በአንጻሩ ስመ ጥሩው ስታይንዌይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጨርቁን ቴፍሎን በሚባል ፕላስቲክ ተካ። ቴፍሎኑ አልተንቀሳቀሰም፤ ዙሪያው ያለው እንጨት ግን ከአየሩ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ክፍተት ተፈጠረ፤ ፒያኖዎቹ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ ወደ ጨርቁ ተመለሱ። አዲስም አሮጌም ማቴሪያል ብቻውን መልስ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር መስማማት አለበት።

የዝሆን ጥርስ የለበሰ ቁልፍስ? ለድምፁ አንዳች አይጨምርም። ጣት ላብ ሲያልበው አያንሸራትትም ይላሉ፤ ያ እውነት ነው። ግን ዓለም አቀፍ የዝሆን ጥርስ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 በተላለፈ ውሳኔ ስለታገደ፣ ድንበር የሚያሻግረው ሰው ጣጣ ነው የሚገዛው።

ትልቁ ሁሌ ይበልጣል?

ብዙውን ጊዜ አዎ። ረጅም አውታር ወፍራሙን ድምፅ የጠራ ያደርገዋል። አጭርና ወፍራም አውታር ግን እንደ ዱላ ይሆናል፤ ድምፁ ይደፈርሳል። የኮንሰርት ፒያኖ ወደ 274 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ለዚህ ነው። በአግዳሚው ላይ መዶሻው በራሱ ክብደት ስለሚወድቅ ፈጣን ድግግሞሽም ይቀላል፤ በቁሙ ላይ ግን የሚመለሰው በስፕሪንግ እርዳታ ነው። ቢሆንም በቁመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁም ፒያኖ፣ ለሳሎን ተብሎ ካጠረ ትንሽ አግዳሚ ይልቅ የተሻለ ወፍራም ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ሦስት እግሩ አያታልላችሁ።

ስለ ስሙም አንድ ቃል። ስታይንዌይ፣ ቤክሽታይንና ብሉትነር ሦስቱም የተመሠረቱት በአንድ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1853። ያ ስም የሚነግራችሁ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፉትን በጋዎች አይነግራችሁም።

አዛውንቱ ቤት ምን አገኘን?

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ጋሼ ቡና አስፈልተው ጠበቁን። ፒያኖው እውነትም ፊት ያሳያል። መስኮት ሥር ነው የተቀመጠው፤ የከሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኘው ጀርባው ላይ ይታወቃል።

መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች 88ቱንም አንድ በአንድ መታሁ። ከዚያ ስልኬ ላይ ያለውን መቃኛ ከፈትኩ። በሴኮንድ 440 ጊዜ መንቀጥቀጥ የነበረበት «ላ» የሚባለው ድምፅ 415 ላይ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ወርዷል። ይህ ብቻውን አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ፣ የአንዱ ድምፅ ሦስት አውታሮች እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። እኩል መውረድ ቸልተኝነት ነው፤ ተበታትኖ መውረድ ግን የላላ ፒን ይጠቁማል።

ባትሪ ይዤ የታችኛውን ሽፋን ከፈትኩ። ከጀርባም አየሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ስንጥቅ አለ፤ ግን እዝዝታ አልሰማሁም። ላይኛው ክፍል ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሁለት ፒኖች ዙሪያ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ተወትፏል። አንድ ሰው የሰፋውን ቀዳዳ ሊያጠብብ ሞክሯል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ማን ነበር የሚቃኝልዎት?»

«አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ወጣ፤ ውጭ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ለአክስቴ ልጅ በዝግታ ነገርኳት። ፒያኖው ክፉ ሆኖ አልተወለደም። ግን ፒኖቹን በሙሉ አውጥቶ በወፍራም መተካት፣ አውታር መቀየር፣ ከዚያ ደጋግሞ መቃኘት ይፈልጋል። ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ለመመለስ ቶኖች የሚሆን ጭነት ይጨመርበታል፤ ያረጀ አውታር እዚያ መሐል ይበጠሳል። የሚጠየቅበት ዋጋ ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ ያገለገለ ግን ጤነኛ ፒያኖ ይገዛል።

ጋሼ ሰምተውናል። አልተቀየሙም። ተነሥተው ፒያኖው ፊት ተቀመጡና በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው አንድ ነገር ተጫወቱ። የተበላሹትን ቁልፎች ያውቋቸዋል፤ እየዘለሉ ነው የሚጫወቱት። ሲጨርሱ ከወንበሩ ተነሡና ወንበሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ብሎን አዙረው አሳዩን።

«ይሄ እንኳ አልተበላሸም» አሉ። «ለልጅቷ ወንበሩን ውሰዱላት።»